አሥራ ስድስት ቤት

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ መብራት ሲመለስ፣
ከብሎኮቹ ጀርባ ጅብ ቆሻሻ ሲያምስ፣
እኔ አራተኛ ፎቅ፣ ልስን በሌለው ቤት፣
ፊደሉ በተላጠ ኮምፒውተሬ ፊት
ካርታ እሠራለሁ፣ የጨዋታ መሬት።

ጨዋታው የሌላ ነው፣ የማላውቀው ሰው፤
ካርታው ግን የኔ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ነው።
ጋራው አለ፣ ጋሪው አለ፣ የአስፋልቱ ጫፍ አለ፣
ውሃ የማያውቅ ሮቶ፣ ጣራ ላይ የዋለ።
ወርቁን የቀበርኩት እዚያው ካባው ሥር፣
ከነአቧራው ስዬ፣ ከነድንጋይ ክምር።
ሕጉ አንድ መሥመር ነው፦ ድንጋይ ለሚፈልጥ
በያንዳንዱ ምት አንድ ወርቅ ይሰጥ።

ፊራኦል ገባበት፣ የምድር ቤቱ ልጅ፣
አባቱ ከካባ ኮብልስቶን ጠራቢ፣ በመዶሻ የሚያረጅ።
ክረምት ነው፤ ትምህርት የለም፤ ጭቃ ነው ደጅ።
ሦስት ቀን ፈለጠ እኔ ቤት ተቀምጦ፣
ጣቱ ሲደነዝዝ እጅ በእጅ ለውጦ፤
በሦስተኛው ማታ
"ኪሩቤል፣ ና እየኝ! ሀብታም ሆንኩ!" ሲል ጮኸ።
ሠላሳ ሁለት ሺህ
ሰባት መቶ
ስድሳ ሰባት።
አንድ ድንጋይ ደገመ፤

ቁጥሩ ዞረ።

ከፊቱ ሰረዝ ቆመ፣ አጭር፣ እንደ ምላጭ።
ከሰረዙ ኋላ ያው ሠላሳ ሁለት ሺህ፣ ያው ሰባት መቶ፣
ስድሳ ስምንት ሆኖ፣ አንድ ተመርቆ።
ሌባ አልገባ፣ ግብር አልተቆረጠ፤
ሲያገኝ፣ ሲያገኝ ውሎ እዳ ላይ ተገለበጠ።
"በላኸኝ!" አለ።

ወደ መስኮት ወሰድኩት።
የማዶው ብሎክ በአንዱ ፎቅ አግድም
አሥራ ስድስት መስኮት ደርድሯል።
"ቁጥር ቤት አለው" አልኩት፣ "ተምረሃል አይደል፣
የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት።
ማሽኑ ለወርቅህ የሰጠው ያንን ያህል ነው፣ አሥራ ስድስት ቤት።
ወይ መብራት አለበት፣ ወይ ጨለማ ነው፤ መካከል የለውም።
አሥራ አምስቱ ሲበራ፣ ሞላህ ማለት ነው።
አንድ ስትጨምር
አሥራ አምስቱ ባንዴ ድርግም፤
ያ ጥግ ላይ ያለው፣ ሰው የማይገባበት፣ እሱ ይበራል።
የሱ ስም ሰረዝ ነው።"

አየ። ቆጠረ። በጣቱ።
"ታዲያ ቤት ጨምርበት።"
"አልችልም፤ ቤቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤
በዕጣ የደረሰኝን ነው የማድለው።"
"አንተም እንደኛ ነህ በለኛ" አለኝና ወረደ።

በነጋው ዳቦ ልገዛ ከእትዬ ወርቅያንስ ሱቅ ቆምኩ።
የዱቤ ደብተሯን እያገላበጠች
ከገጹ ግርጌ ላይ "ዞሯል" ብላ ጻፈች፣
ከአዲሱ ገጽ አናት "የዞረ" ብላ ጀመረች።
"ገጹ ሲሞላስ?" አልኳት፣ እያየሁ፣ እንደ ቂል።
"ቅጠል መግለጥ ነዋ! ወረቀት ስላለቀ
እዳህ ሊሰረዝ ነው?"

ዳቦዬን ረስቼ ደረጃውን ሮጥኩ።
ሁለት ቆጣሪ አደረግሁ፤ አንዱ ሽርፍራፊ ይለቅማል፣
አንዱ ሺህ ይይዛል፤ ሺህ ሲሞላ ያኛው ባዶ ይቀራል፣
ይሄኛው አንድ ያድጋል፣
ከግርጌ ወደ አናት፣ እንደ ሱቁ ደብተር።
ይሄም አንድ ቀን ይሞላል። አውቃለሁ።
ሠላሳ ሁለት ሚሊዮን ምት ግን ማን ይደርሳል?
ክረምቱ ያልቃል።

ማታ አባቱ መጣ፣ ልጁን ፍለጋ፣
እስከ ሽፋሽፍቱ ድረስ ካባውን ለብሶ።
ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።
በፊራኦል ትከሻ ላይ አሻግሮ ስክሪኑን አየ፤
ቋ፣ ቋ፣ ቋ፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ።
ብዙ ዝም አለ።
"ድንጋይ እንዲህ አይመታም" አለ በመጨረሻ፣
"ፊት ለፊት? ይበታተንብሃል።
ሥሩን አይተህ፣ ከጎኑ፣ አንድ ጊዜ ነው።"
እጁን አየር ላይ አንሥቶ አሳየኝ፤
አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም።

ስንት እንደሚከፈል አልጠየቀም።